ደራሲው ለራሱ ሲመሰክር፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በነጻው መዝገበ ዕውቀት

በጋይንት ምድር፣ በቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት፣ ለብዙ ዓመታት ዜማ ሲያጠና የኖረ ደቀ መዝሙር የጻፈውን ድጓ ዘርግቶ ከየኔታ ፊት በተቀመጠ ጊዜ፣ የመምህሩ ጆሮ የሚያዳምጠው የንባቡን ቃል ብቻ ሳይሆን ከቃሉ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈሩትን ምልክቶች ጭምር ነው። ከእነዚህ ምልክቶች የሚበዙት ከአንድ ከታወቀ የዜማ ቃል ተቈርጠው የተወሰዱ አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ፊደላት ሲሆኑ፣ የሚያመለክቱትም ይህ ስፍራ በዚያ በታወቀው ቃል ዜማ እንዲዜም ነው። ስለዚህ ተማሪው አንዲት ምልክት አሳስቶ ቢያኖር የዜማው ምንጭ ይፋለሳል፤ የኔታም አስቁመው ከየት እንዳመጣው ይጠይቁታል፤ እርሱም ምንጩን በቃሉ ጠርቶ ያስረዳል፤ ትክክል ከሆነ ይጸናለታል፣ ካልሆነ ፍቆ ያርማል።

የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንዲህ ምንጩን እየጠራ ስለ ኖረ፣ ድጓውን ለቅዱስ ያሬድ፣ የዜማውን ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ሰጥቶ ይናገራል እንጂ ባለቤት እንደሌለው ሥራ አድርጎ አይተርክም። ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር በዜማ አካሄድ ሲለያዩም እያንዳንዱ የራሱን ስም ይዞ ይኖራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም እንዲሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ማንም ተማሪ፣ የቱንም ያህል ቢበረታ፣ እኔ መምህር ነኝ ብሎ ለራሱ አይመሰክርም፤ ምስክርነቱ ከማስመስከሪያው ቦታ፣ ከሌላ ሰው አፍ ይመጣል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ ማንሣቴ፣ አሁን የምጽፍበት የቅጂ መብትና ራስን የመጥቀስ ክርክር ብዙ ጊዜ ባዕዳን በእኛ ላይ የጫኑት ሥርዐት ተደርጎ ሲወራ ስለምሰማና ይህም አባባል እውነት መስሎ ስለማይታየኝ ነው።

የክርክሩ መድረክ በአማርኛ ውክፔዲያ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 በእንግሊዝኛ ተጀምሮ ዛሬ ከ300 በሚበልጡ ቋንቋዎች የሚዘጋጀው፣ ማንም አንባቢ ጸሓፊም አራሚም ሊሆንበት የሚችለው የኅብረት መዝገበ ዕውቀት ነው። የአማርኛው ክፍል 15 ሺህ ያህል መጣጥፍ ሲኖረው የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ነው፤ በእንግሊዝኛውም ላይ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የተባሉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች የየራሳቸው ገጽ አላቸው። ገጾቹን የከፈተ ሰው ስማዳ በአባይና በበሽሎ ከጎጃምና ከወሎ እንደምትለይ፣ የአንዱም ወረዳ አዋሳኝ የሌላው ወረዳ መሆኑን ያነብባል፤ ቀጥሎም በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቈጠራ የላይ ጋይንት ነዋሪ ከ200 ሺህ ይበልጥ እንደ ነበረ፣ ሃይማኖቱና ቋንቋውም በመቶኛ ምን ያህል እንደሚደርስ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ወሬው ይነጥፋል። በጋይንት የሚገኘውን ጨጨሆን ያህል ስፍራ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ ተራራ እያስናዱ መንገድ ያስጠረጉበት አገር ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ሽማግሌ ስለ እርሱ ከሚያወራው ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው በጽሑፍ የሚገኘው።

እንግዲህ ክርክሩ እንዴት እንደሚነሣ በግልጽ ይታይ ዘንድ አንድ ሰው በሐሳብ እናቁም። የእስቴ ተወላጅ ናቸው፤ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዕድሜ ልካቸውን ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከአድባራቱ አለቆችና ከአገር ሽማግሌዎች አፍ የሰበሰቡትን ሁሉ በገዛ ገንዘባቸው አሳትመው አንድ መጽሐፍ አውጥተዋል፤ መጽሐፉም ከጥቂት መደብሮች በቀር የትም አልደረሰም። የእኅታቸው ልጅ በስልኩ የወረዳቸውን ገጽ አሳያቸውና «ጋሼ፣ ይኸን ሁሉ እኮ እርስዎ ጽፈውታል፤ ለምን አያስገቡትም?» አላቸው። እርሳቸውም አገራቸው ባዶ ገጽ ይዛ መቅረቷ አሳዝኗቸው፣ ከመጽሐፋቸው ሦስቱን ምዕራፍ እንዳለ ገልብጠው አስገቡ፤ ከየአንቀጹም ግርጌ የመጽሐፋቸውን ስም አኖሩ። በማግሥቱ ጽሑፉ የለም፤ በስፍራው የቀረው «ከታተመ ሥራ የተገለበጠ» የሚል ማስታወሻና «ጸሓፊው ራሱን ያስተዋውቃል» የሚል ወቀሳ ብቻ ነው። የገዛ ሥራዬን ከራሴ ሰረቅህ ተባልሁ ብለው ቢቈጡ ማን ይፈርድባቸዋል?

እኔ ቍጣቸው የተገባ ነው ባይ ነኝ፤ የተሰረዘበት ምክንያትም የተገባ ነው ባይ ነኝ፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለመረዳት ግን ሁለቱን ክስ ለየብቻ መመርመር ያሻል።

የመጀመሪያው የቅጂ መብት ነው። በአገራችን ለደራሲ የተጻፈ ሕግ የቆመው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት በደነገገ ጊዜ ሲሆን፣ ያም ክፍል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 ተተክቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የደራሲው መብት በሕይወቱ ሳለና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ መብቱም እንዲኖረው መጽሐፉን በየትም መዝገብ ማስመዝገብ ግዴታ የለበትም፤ የገንዘቡ መብት ቢተላለፍ እንኳ በሥራው ደራሲነት የመታወቅ መብቱ አይነካም። ስለዚህ መምህሩ የመጽሐፋቸው ጌታ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። የመዝገበ ዕውቀቱ አራሚ ግን፣ ምናልባት በሌላ ክፍለ ዓለም ተቀምጦ ገጹን የሚመረምር በጎ ፈቃደኛ፣ በዚያ የብዕር ስም ጀርባ የተቀመጠው ደራሲው ራሱ ይሁን ወይም የደራሲውን ድካም ዘርፎ የሚለጥፍ ሌላ ሰው ማወቂያ የለውም። መሰረዙ የሚጠብቀው እንግዲህ መምህሩን ነው፤ ሌላ ሰው መጽሐፋቸውን ገልብጦ ቢሆን ኖሮ ይኸው እጅ ይደርስላቸው ነበር።

ከዚህ ደግሞ የሚከብድ ነገር አለ። በውክፔዲያ ላይ የተጻፈ ሁሉ፣ የጸሓፊው ስም እስከ ተጠቀሰና የተሻሻለውም በዚያው ሁኔታ እስከ ተሰራጨ ድረስ፣ ማንም ሰው ሊገለብጠው፣ ሊለውጠው፣ አሳትሞም ሊሸጠው በሚፈቅድ ነጻ ፈቃድ ሥር ይወድቃል። ይህ ፈቃድ፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። መምህራችን ሦስቱን ምዕራፍ ሲለጥፉ እነዚያን ምዕራፎች ለነጋዴም ለተማሪም እኩል መስጠታቸው እንደ ሆነ ያስተዋሉ አይመስለኝም፤ ማዕዱን ቀንሰው መጽሐፍ ላሳተሙ ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። ስለዚህ ሥርዐቱ በጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል፦ ደራሲው ማንነቱ በሚታወቅበት የኢሜይል አድራሻ የፈቃዱን ቃል ለመዝገበ ዕውቀቱ የፈቃድ ተቀባዮች ይልካል፣ ወይም በመጽሐፉ ወይም በራሱ ድረ ገጽ ላይ ፈቃዱን ያትማል። ይህን ማድረግ ለማይወድ ሌላ መንገድ አለው፤ ይኸውም ታሪኩን እንደ አዲስ፣ በሌላ አገላለጽና በአጭሩ መጻፍ ነው። አዋጁ ራሱ ሐሳብንና ተራ መረጃን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው ሐሳቡ የተነገረበትን ድርሰት ነው። የጉና ተራራ ከፍታ በአንዳንድ መጻሕፍት 4,231 ሜትር፣ በሌሎች 4,120 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ ቍጥሩ የማንም ንብረት አይደለም፤ ጉማራና ርብ ከጉና መፍለቃቸውም እንዲሁ። ስለ ጉና ጉምና ውርጭ አንድ ደራሲ ያሳመረው አንቀጽ ግን የእርሱ ነው፤ ሁለት ቃል ለውጦ፣ የዐረፍተ ነገሩን አጥንት እንዳለ አስቀርቶ ማስፈርም መገልበጥ ነው።

በዚህ ስፍራ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ለረጅም ዘመን የደራስያንን መብት በመንግሥታት መካከል ከሚያስከብረው ከበርን ስምምነት ውጭ ስለ ቆየች፣ ከአሜሪካም ጋር የቅጂ መብት ውል ስላልነበራት፣ በአገራችን የታተመ መጽሐፍ መዝገበ ዕውቀቱ በሚተዳደርበት በአሜሪካ ሕግ ዐይን ጥበቃ የሌለው ሆኖ ኖሯል። አራሚዎቹ ይህን ምክንያት አድርገው የኢትዮጵያን መጻሕፍት እንደ ባለቤት አልባ መሬት ሊከፋፈሏቸው ይችሉ ነበር። ከመዝገበ ዕውቀቱ መሥራቾች አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ ግን እንዲህ ያሉ አገሮችንም ሕግ ጸሓፊዎቹ እንዲያከብሩ አሳስቦ፣ ቃሉ በእንግሊዝኛው ክፍል የቅጂ መብት መመሪያ ውስጥ ገብቷል። የእስቴው መምህር ጽሑፍ የተሰረዘበት ጥንቃቄ በአንድ በኩል ለኢትዮጵያዊ ደራሲ ከተሰጠው ከዚህ ክብር የሚመነጭ መሆኑን ቢያውቁ ሐዘናቸው በጥቂቱ ይቀል ነበር።

ሁለተኛው ክስ፣ ራስን መጥቀስ፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ረቂቅ ነው። ራስን መጥቀስ ፈጽሞ የተከለከለ አይደለም፤ የተጠቀሰው ሥራ ለጕዳዩ የሚገባ፣ በታመነ አሳታሚ የወጣ፣ ከመጠንም ያላለፈ ከሆነ ይፈቀዳል። ደራሲው በገዛ ገንዘቡ ያሳተመው መጽሐፍ ሲሆን ግን ከእርሱ በቀር የመረመረው ሰው ስለሌለ ምስክርነቱ ይደክማል። በአካዳሚ መጻሕፍት ይህ እንዲህ አይደለም። በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀውና እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ በየመጣጥፉ ግርጌ የጸሓፊውን ስም ያኖራል፤ ጸሓፊው የገዛ ጥናቱን ቢጠቅስ አንባቢ ስሙን ከስሙ አስተያይቶ ይመዝናል፤ ከኅትመቱም በፊት አዘጋጆች አይተውታል። ውክፔዲያ ላይ ግን ከገጹ ግርጌ የማንም ስም የለም። የእያንዳንዱ እርማት ሰዓትና የአራሚው የብዕር ስም በገጹ የለውጥ ታሪክ ውስጥ አንድ በአንድ ተመዝግቦ ቢገኝም፣ ያን ገልጦ የሚያይ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንድ ሰው ደራሲም መስካሪም ሆኖ ገጹን ቢሞላው አንባቢው ብዙ ሊቃውንት የተስማሙበት ነገር ይመስለዋል።

እዚህ ድረስ ሕጉን ደግፌ ጽፌአለሁ። ነገር ግን ሕጉ በጋይንትና በስማዳ ላይ ሲወድቅ የሚያደርሰውን ጕዳት ሳይናገሩ ማለፍ በደል ይሆናል፤ ለዚህም የቤተ ልሔም ማርያምን ነገር የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ቶማስ ፓክናም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ ተጓዥ ወደ ጋይንት መጥቶ፣ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን የሚመስለው ሕንጻ በውስጡ ከመካከለኛው ዘመን የቆየ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ መቅደስ ይዞ መገኘቱን ተመለከተ፤ ይህንም እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «የራሴላስ ተራሮች» በተባለ የጉዞ መጽሐፉ አወጣው። ከዚያ ወዲህ የውጭ ሊቃውንት ስለ ቤተ ልሔም ሲጽፉ አገኘው ብለው የሚጠሩት እርሱን ነው። ካህናቱ ግን በዚያ ቤተ መቅደስ ሲቀድሱ፣ በደጁም ድጓ ሲያስተምሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል፤ ከኢትዮጵያ አራቱም ማዕዘን ተማሪ ስንቁን በአኵፋዳ ይዞ ይጐርፍባቸው ነበር። ፓክናም አልዋሸም፤ ያየውን ጽፏል፤ መጽሐፉም ታትሟልና መዝገበ ዕውቀቱ እርሱን ይጠቅሳል። የካህናቱ ዕውቀት ግን በኅትመት ስላልወጣ በግርጌ ማስታወሻ ሊገባ አይችልም። የሰውየው አንድ ጉብኝት ምንጭ ሲሆን የካህናቱ የዘመናት ነዋሪነት ምንጭ ሳይሆን ቀረ ማለት ነው። የእስቴው መምህር መጽሐፍ ተገፍቶ የፓክናም ሲጸና፣ የአገሩ ሰው የሚሰማው ምሬት ከቅናት የተነሣ አይደለም።

ይህን ጉድለት የመዝገበ ዕውቀቱ ሰዎችም አላዩትም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሕንድና በደቡብ አፍሪካ የቃል ምስክርነትን በድምፅ ቀድቶ እንደ ምንጭ ለመጥቀስ ሙከራ ተደርጎ፣ ስለ እርሱም ዘጋቢ ፊልም ተሠርቶ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ጠቅላላ ሥርዐት ሆኖ አልጸናም። ተቃዋሚዎቹ የተቀዳውን ቃል ማን መርምሮ አጸናው ብለው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል አልነበረም፤ እኔ ግን በሩ ጨርሶ መዘጋቱ አያስደስተኝም፤ ምክንያቱም በድጓ ቤት መርማሪው አለ፤ ቃሉ በጉባኤ ፊት ይነገራል፣ በጉባኤ ፊት ይታረማል።

ምስክር የሌለው ቃል በመዝገብ ሲገባ የሚያመጣውን አደጋ ለማሳየት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 የተደረገ አንድ ነገር ይበቃል። አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮዋቲ ለተባለው አውሬ ከራሱ ፈጥሮ ሌላ ስም በውክፔዲያ ጨመረለት፤ ጋዜጦች ከዚያ ቀዱት፤ ስሙ በመጻሕፍት ሳይቀር ገባ፤ በመጨረሻም ስሙን ትክክል ነው ለማለት እነዚያው ከእርሱ የቀዱት ጽሑፎች ምንጭ ሆነው ተጠቀሱ። ወደ እኛ ስንመለስ፣ የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ለበዓል የሚያሳትመው ትንሽ መጽሔት ከውክፔዲያ ሳይጠቅስ ቢገለብጥ፣ ቈይቶም ያው መጽሔት ለገጹ ምንጭ ሆኖ ቢቀርብ፣ ስሕተቱ በአንድ ዙር ሁለት ምስክር አገኘ ማለት ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ሥራን ለባለቤቱ መስጠትን እንዴት እንዳከበሩት የሚያሳይ ከሁሉ የበለጠ ታሪክ በግእዝ መዝገበ ቃላት ዙሪያ ይገኛል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተረክበው አስፋፉት፤ እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ሳያሳትሙት ሲያርፉ፣ ዐደራውን የተቀበሉት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተው በ1948 ዓ.ም. በመምህራቸው ስም አወጡት። አለቃ ደስታ የገዛ ስማቸውን ከፊት ለማስቀደም የሚከለክላቸው ፖሊስ አልነበረም፤ የየትኛው ድካም የማን እንደ ሆነ ግን በሥራው ተመልክቶ ይገኛል፤ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ለብቻው በ1962 ዓ.ም. አሳትመዋል። የእኛ ዘመን ጸሓፊ ከማያ ወደ ማያ በአንድ ጣት ንክኪ ሲገለብጥ ይህን ትዕግሥት ቢያስብ ደስ ይለኛል።

በጋይንትና በስማዳ ያለ ጸሓፊ የሚገጥመው ሌላም ዕንቅፋት አለ። ለመሰረዝ የታሰበ ገጽ በእንግሊዝኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ለ7 ቀን ለውይይት ይቀርባል፤ በዚያ ሳምንት ጸሓፊው መልስ ካልሰጠ ጕዳዩ ያለ እርሱ ይወሰናል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በዐማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቈየ ጊዜ፣ በጋይንት ነፋስ መውጫ ወይም በስማዳ ወገዳ ተቀምጦ ስለ ገጹ መልስ መስጠት የማይቻል ነበር። ሰባት ቀን ለሎንዶን ሰው ረጅም ነው፤ ለወገዳ ሰው የመልስ ጊዜ ሳይሆን ቀርቷል። ይህን በሥርዐቱ ውስጥ የሚያስብ አንቀጽ ሊኖር ይገባል እላለሁ፤ በአማርኛው ክፍል ያሉት አራሚዎች ጥቂት ቢሆኑም ይህን ለመጀመር ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ለእስቴው መምህር ግን ዛሬም የተከፈተ መንገድ አለ። ምዕራፎቹን ከመለጠፍ ይልቅ በገጹ የውይይት ክፍል ገብተው፣ እኔ የዚህ መጽሐፍ ደራሲ ነኝ፣ ስለ ቆማ ፋሲለደስ እንዲህ የሚል ነገር ጽፌአለሁ፣ ለገጹ የሚጠቅም ከሆነ ሌላ ሰው ያስገባው ብለው ማመልከት ይችላሉ፤ ይህ ደራሲነታቸውን ሳይሰውሩ ፍርዱን ለሌላ የሚሰጥ ሥርዐት ነው። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎቹን ወደ እነዚህ ወረዳዎች ልኮ የመምህሩን መጽሐፍ ከአድባራቱ መዛግብትና ከሽማግሌዎቹ ቃል ጋር የሚያመሳክር ጥናት ቢያሠራና ቢያሳትም፣ ያ ጥናት የሚጠቀስ ሁለተኛ ድምፅ ይሆናል። የደቡብ ጎንደር የባህልና የቱሪዝም መሥሪያ ቤትም የሚያሳትማቸውን መጽሔቶች በነጻ ፈቃድ ቢያወጣ ወጪው የአንድ መስመር ቀለም ብቻ ነው። መምህሩም መጽሐፋቸውን ዳግም ለማሳተም ሲነሡ፣ የቅጂ መብት በሚጻፍበት ገጽ ላይ የትኛው ምዕራፍ ስማቸው እየተጠራ በነጻ ሊሠራጭ እንደ ፈቀዱ፣ የትኛው ደግሞ የራሳቸው ሆኖ እንዲቀር እንደ ወደዱ ለይተው ያጻፉ፤ ይህ ከታተመ በኋላ ስለ ፈቃዱ ሌላ ደብዳቤ የሚጠይቃቸው አራሚ አይኖርም።